ጣና በለስ፦ የሚወራውና እውነታው

ቻግኒ ላይ ቡና እየጠጣችሁ «ፓዊ» (የጣና በለስ ሰፈራ የተካሄደበት ቆላ) ካላችሁ አንዱ ይነሳና ታሪኩን ጠቅልሎ ይጨርሰዋል። ባዶ ቆላ ነበር፣ ደርግ ወሎዬ አሰፈረበት፣ ደርግ ሲወድቅ ሁሉም አገሩ ገባ። ግማሹ እንኳ ልክ አይደለም።

«መሬቱ ባዶ ነበር»

ፓዊ ያለበት መተከል ያኔ የጎጃም አውራጃ ነው፤ የበለስ ሸለቆ ደግሞ የጉሙዝ አገር። ጉሙዝ አንዱን ማሳ ጥቂት ዓመት ይዘራበትና ያሳርፈዋል፣ ወደ ሌላው ይሻገራል። ያረፈው መሬት ዛፍ ያበቅላል። ከመኪና መስኮት ላየው ባዶ ነው፤ ባለቤት ግን አለው። የኋላው ጣጣ ሁሉ ከዚህ የጀመረ ይመስለኛል።

«ሰፋሪው ወሎዬ ነው»

የ1977ቱ ድርቅ ያፈናቀለው ብዙ ወሎዬ አለ፣ እውነት ነው። ግን ከሸዋም፣ መሬት ከጠበበባቸው ከከምባታና ከሐዲያም መጥተዋል። በጠቅላላው ወደ 82,000 ሰው፣ 48 መንደር። መንደሮቹ የተሰጣቸው ስም ሳይሆን ቁጥር ነው። ዛሬም «የመንደር 14 ልጅ ነኝ» የሚል አይጠፋም።

«ሰፋሪው ሰነፍ ስለነበር ከሸፈ»

ይቺ ታናድደኛለች። በለስ ላይ የቆላ ዝንብ አለ። ዝንቡ ገንዲ የሚባል የከብት በሽታ ያመጣል፣ ገንዲ በሬ ይጨርሳል። ስለዚህ ከ1978 ጀምሮ በጣሊያን መንግሥት ገንዘብ፣ በጣሊያኑ ኩባንያ በሳሊኒ ተቋራጭነት እርሻው የትራክተር ሆነ። ሞፈርና ቀንበር ሲያነሳ የኖረ ገበሬ፣ ማሳው በሰው ማሽን ሲታረስ ቆሞ አየ። 1983 ላይ መንግሥት ወደቀ፤ ገንዘቡም ትራክተሩም ቆመ። በሬ የለ፣ ነዳጅ የለ። እስቲ በዶማ ስንት ጥማድ ይቆፈራል?

«ሁሉም ጥሎት ሄደ»

ብዙው ሄደ፤ ኦና የቀረ መንደርም ነበር። የቀሩት ግን ዛሬ ፓዊ ወረዳ ናቸው፣ ሆስፒታልና የግብርና ምርምር ማዕከል ያለው።

«የአሁኑ በለስ የድሮው ቅጥያ ነው»

ስሙ ነው አንድ። በ2002 የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የኃይል ማመንጫ የጣናን ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ያወርዳል። ውሃው ከተርባይኑ ሲወጣ ሸንኮራ እንዲያጠጣ ታሰበ፤ ጃዊ ወረዳን ጨምሮ 75,000 ሄክታር። የለማው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፣ ፋብሪካውም ዓመታት ዘገየ። ለሸንኮራው ሲባል ከቀዬአቸው የተነሱ ገበሬዎች ግን አሉ። «ባዶ መሬት» የሚባለውን እነሱንም ጠይቋቸው።