የነዳጅ መለኪያ ሙያ በወሎ፦ የኢንስትሩመንቴሽን ቴክኒሺያን ሥራ አጠቃላይ ዳሰሳ

ወሎ ውስጥ የነዳጅ ጉድጓድ የለም፤ ማጣሪያም የለም። ነዳጅ ግን በወሎ ያልፋል፣ ኮምቦልቻ ላይ ይራገፋል፣ ይከማቻል፣ ወደ ማደያዎች ይከፋፈላል። በዚህ መንገድ ላይ ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ቁጥር መለካት አለበት። የኢንስትሩመንቴሽን ቴክኒሺያን ሥራ ይህ ነው። የግፊት፣ የሙቀት፣ የፍሰትና በታንከር ውስጥ ያለ ነዳጅ ከፍታ መለኪያዎችን ይተክላል፣ ይፈትሻል፣ ያስተካክላል። ብዙ ሰው ኤሌክትሪሺያን ነው ብሎ ያልፈዋል። በኤሌክትሪክ መሥራቱ እውነት ነው፤ ኃላፊነቱ ግን ቁጥሩ ላይ ነው።

የአሰብ መንገድ

ሙያው ወደ ወሎ የመጣው በአሰብ መንገድ ነው ማለት ይቻላል። ጣሊያን በወረራው ዘመን አሰብን ከደሴ ያገናኘው መንገድ በባቲ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ይወጣል። በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተሠራው የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ሲጀምር ይኸው መንገድ የቦቴ መንገድ ሆነ። ቦቴዎቹ ቆላውን አቋርጠው፣ የባቲን አቀበት ወጥተው ኮምቦልቻ ሲገቡ ሾፌሩም ረዳቱም እፎይ ይላሉ።

የዚያ ዘመን መቆጣጠሪያ በአብዛኛው በአየር የሚሠራ ነበር። መለኪያው ያየውን በቀጭን ቱቦ ውስጥ በሚያልፍ የታመቀ አየር ይናገራል። 3 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ዜሮ ነው፣ 15 ፒኤስአይ ሙሉ። ከማጣሪያው የወጡ ባለሙያዎች ሙያውን ለኮምቦልቻ አስተማሩ የሚሉ አሉ። የለም፣ ሙያው ያደገው በጨርቃ ጨርቁና በቢራ ፋብሪካው ቦይለሮች ላይ ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም ድርሻ ሳይኖራቸው አይቀርም። የኮምቦልቻ ልጆች እጃቸው የተፈታ መሆኑን ግን ማንም አይክድም።

ማጣሪያው እ.ኤ.አ. በ1997 ቆመ፤ በዓመቱ ጦርነት ተነሳ፤ አቅርቦቱም ጠቅልሎ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዛሬ ወደ ወሎ የሚመጣው ቦቴ በጋላፊና በሚሌ በኩል ነው።

ዴፖ ላይ ምን ይለካል?

ዴፖ፣ ማለትም የነዳጅ ማከማቻ ውስጥ፣ ዋናው ጥያቄ "ታንከሩ ውስጥ ስንት አለ?" የሚል ነው። ጥንታዊው መልስ ሜትር መንከር ነው። ሠራተኛው ታንከሩ አናት ላይ ወጥቶ ጫፉ ላይ የነሐስ ክብደት ያለው ሜትር ያወርዳል፤ ያወጣዋል፤ የረጠበበትን መስመር ያነባል። ነሐስ የሚመረጠው ከብረት ጋር ሲጋጭ ብልጭታ የማያወጣ ስለሆነ ነው። ከታች የተኛ ውኃ መኖሩን ለማወቅ ደግሞ ውኃ ሲነካው ቀለሙን የሚለውጥ ቅባት ጫፉ ላይ ይቀባል።

ሥራው ቀላል ይመስላል። ግን ስሌቱን እንየው። ዙሪያው ክብ፣ አግድም ስፋቱ 20 ሜትር የሆነ ታንከር 1 ሚሊሜትር ከፍታው 314 ሊትር ይይዛል። ዓይን በሚሊሜትር ከሳተ ከአንድ ተኩል በርሜል በላይ ነዳጅ ወረቀት ላይ ጠፋ ወይም ተፈጠረ ማለት ነው። ስለዚህ ሜትሩ አንዴ ብቻ አይነከርም፤ ንባቡ እስኪገጥም ይደገማል።

ዘመናዊዎቹ መለኪያዎች ከአናት በራዳር ወይም ከታች በግፊት ይሠራሉ። በግፊት የሚሠራው የነዳጁን ክብደት አይቶ ከፍታውን ይገምታል። የናፍጣ መጠነ ቁስ በሊትር 840 ግራም አካባቢ ነው፤ የቤንዚን 740 አካባቢ። ለናፍጣ የተስተካከለ ትራንስሚተር (ንባቡን ወደ ምልክት ለውጦ የሚልክ መለኪያ) ቤንዚን ታንከር ላይ ከተተከለ ከእውነተኛው 12 በመቶ ያህል አሳንሶ ያነባል። ዕቃው ጤነኛ ነው፤ የተሳሳተው የተከለው ሰው ነው።

ምልክቱ ወደ መቆጣጠሪያ ክፍል የሚሄደው ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር ባለው ጅረት ነው። ባዶ ታንከር 4፣ ግማሽ 12፣ ሙሉ 20። ከዜሮ ያልተጀመረው በምክንያት ነው። ሽቦ ሲበጠስ ንባቡ ዜሮ ይሆናል፤ ቴክኒሺያኑም "ታንከሩ ባዶ ነው" ከማለት ይድናል።

ቆላና ደጋ

የወሎን ሥራ ልዩ የሚያደርገው የመሬቱ ከፍታ ነው። ሚሌ ከባሕር ወለል 500 ሜትር አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ይጠጋል። ነዳጅ ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። 45,000 ሊትር ናፍጣ የጫነ ቦቴ ነዳጁ በ10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ወደ 370 ሊትር ይቀንሳል። ቤንዚን ከሆነ የሚቀንሰው ከዚህም በላይ ነው። አንድ ጠብታ አልፈሰሰም፣ ማንም አልቀዳም። የነዳጅ ንግድ መጠኑን ወደ አንድ የተስማሙበት ሙቀት፣ በብዙ አገር ወደ 15 ዲግሪ፣ መልሶ የሚያሰላው ለዚህ ነው።

ይህን ለሾፌር ማስረዳት የሥራው አካል ነው። አንድ ጠዋት ከቆላ ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ ሽማግሌ ሾፌር የጭነት ወረቀቱን ይዞ ቆሞ ነበር። "ጋሼ፣ ነዳጁ አልጎደለም፤ ቀዝቅዞ ነው" አልኩት። "አንተ ልጅ፣ እኔስ ገባኝ፤ ባለቤቱን ማን ያስረዳልኝ?" አለኝ። ቴርሞሜትሩን ቦቴው ውስጥ ነክረን፣ ሙቀቱን ጽፈን፣ ስሌቱን ወረቀቱ ጀርባ ላይ ሠርተን ሰጠነው። በእኔ እምነት ጎደለ ተብሎ የሚነሳው ጠብ ብዙው ቴርሞሜትር በመንከር የሚቀር ነው። ስርቆት የለም ማለቴ አይደለም። ሰውን ሌባ ከማለት በፊት ግን ሙቀቱ ይለካ።

ከፍታው ሌላም ወጥመድ አለው። መጽሐፍ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። ኮምቦልቻ ላይ በ94 አካባቢ ይፈላል፣ ደሴ ላይ ከ92 ዝቅ ይላል። አዲስ ተለማማጅ ሙቀቱን በኤሌክትሪክ ተቃውሞ የሚናገር የሙቀት መለኪያ ዘንግ የፈላ ውኃ ውስጥ ነክሮ የ100 ዲግሪውን 138.5 ኦም ይጠብቃል፤ የኦም መለኪያው 136.2 ያሳየዋል። ዘንጉን ጣለው ሊል ይነሳል። ዘንጉ ልክ ነው፤ የአገሩ አየር ስስ ስለሆነ ነው። ኮምቦልቻ የሠለጠነ ልጅ ይህን አንዴ ካየ ሌላ ቦታ ሄዶም አይረሳውም።

ሥልጠናና ደኅንነት

ወደ ሙያው የሚገባው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በኤሌክትሪክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ ትምህርት ነው። ኮምቦልቻ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅና የወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚያው ከተማ ውስጥ አሉ። የብቃት ምዘናውን፣ ሲኦሲ የሚሉትን፣ ማለፍ ይጠበቃል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም ለዚህ ሙያ አንድ በር ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲደርስ ፋብሪካዎችና ትምህርት ቤቶች ተጎድተዋል።

ዴፖ ውስጥ ስልክ ይዘጋል። ታንከር ላይ ከመውጣት በፊት በባዶ እጅ የብረት መወጣጫውን መያዝ ልማድ ነው፤ ልብስ ላይ ያለ የኤሌክትሪክ ክምችት ወደ መሬት ይወርዳል። ቦቴው ላይ የመሬት ሽቦ ሳይታሰር ቱቦ አይገናኝም። የሚተከለው ዕቃ የሚቀጣጠል የነዳጅ ትነት ላለበት ቦታ የተሠራ መሆኑ ሰሌዳው ላይ ይታያል። ያን ዕቃ ኃይል ሳይቋረጥ መክፈት ክልክል ነው፤ አራት ብሎን ካለው አራቱም ተመልሰው መጥበቅ አለባቸው። ክረምት ላይ ጦሳ ተራራ ላይ ደመና ከቋጠረና መብረቅ ከጀመረ ማንም ታንከር አናት ላይ አይወጣም።

መለኪያ ሲስተካከል በአምስት ነጥብ ይፈተሻል፦ 0፣ 25፣ 50፣ 75 እና 100 በመቶ፤ ወደ ላይ ሲወጣም ወደ ታች ሲወርድም። ደብተሩ ላይ ሁለት ዓምድ አለ። አንዱ መለኪያው ሳይነካ ያሳየውን ይይዛል፣ ሌላው ከተስተካከለ በኋላ ያለውን። ጎበዝ ቴክኒሺያን የመጀመሪያውን ዓምድ ሳይሞላ ብሎን አይነካም፤ ዕቃው እስከዚያ ቀን ድረስ ስንት ሲያሳስት እንደቆየ የሚታወቀው ከዚያ ዓምድ ብቻ ነው።