ሞክሼ ሳይንሳዊ ስም ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ የዝንብ ፎቶ አሳዩኝ። ጭቃ ግድግዳ ላይ ያረፈ ጠጉራም ዝንብ ነው። ክንፉ ወደ ገላው በኩል ጠቁሯል፤ ጫፉ ግን እንደ መስታወት ጥርት ያለ ነው። ከስሩ ስሙ በትክክል ተጽፏል፦ አንትራክስ። የመጀመሪያው አስተያየት ሰጪ "ተጠንቀቁ፣ አባ ሰንጋ የሚያመጣው ይሄ ነው" ብሏል። አንዱ "አይደለም" ብሎ ሲከራከረው የተሰጠው መልስ ደግሞ ይህ ነው፦ "ሳይንሳዊ ስም በዓለም ላይ ለአንድ ፍጥረት ብቻ ነው የሚሰጠው። ስሙ አንድ ከሆነ ነገሩም አንድ ነው።"

ይህቺን አባባል ስንቴ ሰማኋት! ሥልጠና ላይ ሰምቻታለሁ፣ የተማሪ ጽሑፍ ሳርም አግኝቻታለሁ። እንዲህ የምትዛመተው ግማሿ እውነት ስለሆነች ነው። የቀረው ግማሽ ግን ሰውን ያሳስታል። ነፍሳት የማጠና ሰው ስለሆንኩ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ለዚህ ነገር አማርኛችን የተዘጋጀ ቃል አለው፦ ሞክሼ። ሁለት ሄለኖች ሲገናኙ "ሞክሼ!" ተባብለው ይሳሳማሉ። እህትማማች ናቸው የሚል ግን የለም። ሳይንሳዊ ስሞችም ሞክሼ አላቸው።

አንድ ትምህርት ቤት አስቡ። የእንስሳት ክፍል አለ፣ የዕፅዋት ክፍል አለ፣ የባክቴሪያ ክፍል አለ። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ የስም መጥሪያ ወረቀትና የራሱ ሕግ አለው። ሕጉ ጥብቅ ነው፦ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ወገኖች፣ ጂነስ የሚባሉት ማለቴ ነው፣ አንድ ስም ሊይዙ አይችሉም። ቀድሞ የተመዘገበው ስሙን ይይዛል፤ ኋላ የመጣው ይቀይራል። የእንስሳትና የዕፅዋት ክፍል መምህራን ግን አንዱ የሌላውን ወረቀት የማየት ግዴታ የለባቸውም። ለእንስሳት አዲስ ስም የሚያወጣ ሰው በዕፅዋት የተያዘውን ቢያስወግድ ይመረጣል ተብሎ ይመከራል። ምክር ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ስለዚህ ያ ሰው "በዓለም ላይ" ያለው "በአንድ ክፍል ውስጥ" ተብሎ መታረም አለበት።

የዕፅዋቱ ወረቀት የሚጀምረው ከ1753 ነው፣ የእንስሳቱ ከ1758 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሁለቱም መነሻዎች የስዊድናዊው የካርል ሊኒየስ መጻሕፍት ናቸው። ሸረሪት የሚያጠኑ ባልደረቦቼ እንዳይቀየሙኝ ልጨምር፦ ክለርክ በ1757 ያሳተመው የሸረሪት መጽሐፍ በልዩ ሁኔታ እንደ 1758 ተቆጥሮ ገብቷል።

በአንድ ክፍል ውስጥ ሞክሼ ሲገኝ ምን እንደሚሆን በደንብ የሚያሳየው ፕላቲፐስ ነው፣ የዳክዬ አፍ ያለው እንቁላል ጣይ የአውስትራሊያ አጥቢ እንስሳ። በ1799 ሾው የተባለ እንግሊዛዊ ፕላቲፐስ የሚል ሳይንሳዊ ስም ሰጠው። ግን በ1793 ሄርብስት ያንኑ ስም እንጨት ለሚቦረቡር ጢንዚዛ ሰጥቶት ነበር። ሁለቱም እንስሳት ናቸው፤ አንድ ክፍል ነው ያሉት። ጢንዚዛው ስሙን ያዘ። ያ ዝነኛ እንስሳ ኦርኒቶሪንከስ ሆነ፣ ዛሬም እሱው ነው። ማን ታዋቂ ነው፣ ማን ትልቅ ነው ተብሎ አይጠየቅም።

ምሳሌውን ትንሽ ልለጥጠው። ተማሪው ትምህርት ቤቱን ቢለቅም ስሙ ከወረቀቱ ላይ አይፋቅም። አንድ ወገን ከሌላ ጋር ተጨፍልቆ ስሙ ከአገልግሎት ቢወጣ እንኳ፣ ሌላ እንስሳ ያንን ስም አንስቶ መጠቀም አይችልም። የፊደል ነገርም አለ። ለእኛ "ዓለሙ" እና "አለሙ" አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። በእንስሳት ክፍል ግን ሁለት የወገን ስሞች በአንዲት ፊደል ከተለያዩ ሞክሼ አይባሉም። የዕፅዋት ክፍል መምህር ጠንከር ይላሉ፦ ስሞቹ ሰው የሚያደናግሩ ከሆነ የአንድ ፊደል ልዩነት አያድንም። ይህን የምለው ሳይንሳዊ ስምን በግዕዝ ፊደል ስንጽፍ የላቲኑ ሆሄ ስለሚጠፋብን ነው። በአማርኛ አንድ የመሰለ ሁሉ ሞክሼ አይደለም።

ወደ ዝንቡ ልመለስ። አንትራክስ በግሪክ ከሰል ማለት ነው። ስኮፖሊ በ1763 ለዚህ የዝንብ ወገን ሰጠው። የአባ ሰንጋ ቁስልም ቆዳ ላይ እንደ ከሰል ስለሚጠቁር በሽታው በእንግሊዝኛ በዚሁ ቃል ይጠራል። ልብ በሉ፣ የበሽታ ስም ሳይንሳዊ ስም አይደለም። የተህዋሲው ስም ባሲለስ አንትራሲስ ነው፣ ኮህን በ1872 ያስቀመጠው። ይባስ ብሎ "ባሲለስ" ራሱ ሞክሼ አለው። በላቲን ትንሽ ዘንግ ማለት ሲሆን፣ በሜዲትራንያን አካባቢ ጭራሮ የሚመስል ባሲለስ የተባለ ነፍሳት ይኖራል። ማንም አይታመምበትም።

አንትራክስ ዝንብ አበባ ይቀስማል። ሴቷ ብቻቸውን የሚኖሩ ንቦች ጎጆ አፍ ላይ እያንዣበበች እንቁላሏን ትወረውራለች፤ ልጆቿ የንቡን ልጆች በልተው ያድጋሉ። በነገራችን ላይ ሌሎች ዝንቦች በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት ላይ አርፈው ተህዋሲውን ወደ ቅጠል ሊያሸጋግሩ ይችላሉ። ስለዚህ "ዝንብ ምንም አያደርግም" አላልኩም። በድንገት የሞተ ከብት ሥጋም አትብሉ። እኔ የምለው፣ ይህ ዝንብ በስሙ ምክንያት አይወንጀል ነው።

በተለያየ ክፍል ያሉ ሞክሼዎች ብዙ ናቸው። ከሁሉም የምወደው አይሪስ ነው። ከ1753 ጀምሮ አይሪስ የአበባ ስም ነው። በ1869 ደግሞ ሶሲዩር የፊት እግሮቹን እንደሚጸልይ ሰው አጥፎ ለሚቆም ነፍሳት ሰጠው። ይህ ነፍሳት ሲያስፈራሩት ክንፉን ይበረግዳል፤ ከስር ደማቅ ቀለምና ዓይን የመሰለ ነቁጥ ብቅ ይላል። የስሙ ባለቤት ደግሞ ከሁለቱም ትቀድማለች። በጥንት ግሪኮች እምነት አይሪስ የቀስተ ደመና አምላክና የአማልክት መልእክተኛ ነበረች። አበባውና ነፍሳቱ የሚገናኙት በእሷ ስም ብቻ ነው።

ፒየሪስም እንዲሁ ነው። በአንድ በኩል ጎመን የሚያጠፋው ነጭ ቢራቢሮ ነው፤ የእኛም ደጋ የራሱ ዝርያ አለው። በሌላ በኩል ደወል የመሰሉ ነጫጭ አበቦች ያሉት ቁጥቋጦ ነው። ኤሪካ በእኛ ተራሮች ላይ የምናውቃት አስታ ናት፤ ግን ኤሪካ የምትባል ዘላይ ሸረሪትም አለች። ሞረስ የሚባለው የሐር ትል ቅጠሉን የሚበላው ዛፍ ነው፤ ሞረስ የሚባል ነጭ የባሕር ወፍም አለ። እዚህ ላይ ቃሉ ራሱ ሁለት ነው። የዛፉ ስም ከላቲን የመጣ የዛፉ የቆየ መጠሪያ ነው፤ የወፉ ግን ከግሪክ "ቂል" ከሚል ቃል ነው የመጣው። ሆሄው ገጠመ እንጂ ትርጉሙ እንኳ አልገጠመም።

አሁን ደግሞ ሞክሼ የሚመስል ግን ያልሆነ ላሳያችሁ፤ የሚያናድደኝ ይህኛው ነው። ሴክሮፒያ በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ የሚበቅል፣ ባዶ ግንዱ ውስጥ ጉንዳን የሚኖርበት ዛፍ ነው። ሂያሎፎራ ሴክሮፒያ ደግሞ የሰሜን አሜሪካ ግዙፍ የእሳት እራት ነው። ሁለቱም ስሞች በ1758 ነው የታተሙት። ሁለቱም የአቴንስ የመጀመሪያ ንጉሥ ነው የሚባለውን፣ ከወገቡ በታች እባብ የሆነውን ሴክሮፕስን ያስታውሳሉ። "የእሳት እራቱ ዛፉን ስለሚበላ ነው" ሲሉ ሰምቻለሁ። አይደለም። ሞክሼም አይደሉም፤ በዛፉ በኩል የወገን ስም ነው፣ በእሳት እራቱ በኩል ግን ሁለተኛው ቃል፣ የዝርያው መለያ ነው።

ሁለተኛው ቃል እንደ ልብ ይደጋገማል። እኛ አገር ሰው እንደ አባት ስም ይቆጥረዋል፤ ከዚያ ዘመድ መቁጠር ይጀምራል። ኮሶ ሀጌኒያ አቢሲኒካ ነው። ኑግ ጉይዞሺያ አቢሲኒካ ነው። መቅመቆ ሩሜክስ አቢሲኒከስ ነው፤ መጨረሻው የተለወጠው ሩሜክስ በላቲን ተባዕት ስለሆነ ነው። ሦስቱም የተለያየ ቤተሰብ ናቸው። ዝምድና የሚነገረው በመጀመሪያው ቃል ነው፤ ያውም በአንድ ክፍል ውስጥ።

የጥንት ሰዎች ስምም ዝምድና አይናገርም። ሊኒየስ ለትልልቅ ቢራቢሮዎች ከትሮይ ጦርነት ስም ቀዳ። ሄክቶር፣ ፓሪስና ፕሪያም በትሮይ ወገን፤ አጋሜምኖን፣ ኡሊሲስና ሜኔላዎስ በግሪክ ወገን ተሰለፉ። ዛሬ ሰማያዊው ሜኔላዎስ ከነኡሊሲስ ቤተሰብ ወጥቶ ሌላ ቤተሰብ ውስጥ ነው ያለው። ስም ሰልፍ አስያዘው፤ ተፈጥሮው ግን ሌላ ነበር።

ይህ ልማድ እኛ ግቢ ድረስ ደርሷል። የሎሚ ዛፍ ካላችሁ ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ። የወፍ ኩስ የመሰለች ጥቁርና ነጭ ትል ታገኙ ይሆናል። ስታድግ አረንጓዴ ትሆናለች። በጣታችሁ ነካ ካደረጋችኋት ከአንገቷ ባለ ሁለት ቀንድ ብርቱካናማ ነገር ታወጣለች፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ቢራቢሮ ስትሆን ስሟ ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ ነው። ዴሞዶከስ በጥንት ግሪኮች ተረክ ውስጥ ያለ ዓይነ ስውር አዝማሪ ነው። ትሏ ግን አትዘፍንም፤ ታያለችም።

ክፍል ተለያይቶ ሲኖር ችግር የለም። ችግሩ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ አንድ ሰው በድምፅ ማጉያ "ሄለን!" ሲል ነው። ኮምፒውተር ላይ ስም ስንፈልግ የምናደርገው ይህንኑ ነው። ኦይናንቴ ብላችሁ ብትፈልጉ ድንጋይ ላይ የምትቆም ትንሽ ወፍ ይመጣላችኋል፤ ከጎኗ ሥሩ ሰው የሚገድል የረግረግ ተክል። የአንዱን መረጃ ለሌላው ማንበብ ጨዋታ አይደለም።

ለዚህ ነው ሙያተኞች ከስሙ ኋላ ስሙን ያወጣውን ሰውና ዓመቱን የምንጽፈው። እኔ በመርፌ ከወጋሁት እያንዳንዱ ነፍሳት ስር ጥፍር የምታህል ወረቀት አለች፤ ቦታ ቢጠብም ያንን አልተውም። ሁለቱም ቃላት የሚገጥሙበት ጊዜ አለና። ፋይከስ የእነ ዋርካና ሾላ ወገን ነው፤ ፍሬ የመሰለ ቅርፊት ያለው የባሕር ቀንድ አውጣም ፋይከስ ይባላል። በሁለቱም ውስጥ ፋይከስ ቫሪዬጋታ የሚባል ዝርያ አለ፣ ሆሄ በሆሄ አንድ። ከስሙ ኋላ "ሮዲንግ፣ 1798" ካለ ቀንድ አውጣው ነው። "ብሉሜ፣ 1825" ካለ ዛፉ ነው።