ከነካርቶኑ የሚሸጥ ሊኑክስ ምንድን ነው? በነፃ ከማውረድስ ይሻላል?

ሊኑክስ በነፃ ይወርዳል። እንዲያም ሆኖ ለረጅም ጊዜ እንደ ማንኛውም ዕቃ ካርቶን ውስጥ ታሽጎ፣ ዋጋ ተለጥፎበት ሱቅ መደርደሪያ ላይ ይሸጥ ነበር። ዛሬም በዲቪዲና በፍላሽ አድርገው የሚሸጡት አሉ። «ነፃ ከሆነ ምኑን ነው የሚሸጡት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥያቄው ተገቢ ነው። ገዢው የሚከፍለው ለኮዱ አይደለም፤ ኮዱ እጁ ገብቶ ሥራ እስኪጀምር ድረስ ላለው ልፋት ነው። ልፋቱ ከባድ በነበረበት ዘመን ካርቶኑን መግዛት ያዋጣ ነበር። አሁን ግን ልፋቱ የሚበዛው ሌላ ቦታ ላይ ስለሆነ፣ ገንዘብ ማውጣት ካስፈለገም መውጣት ያለበት ለዲስክ አይደለም።

ሊኑክስ የሚለው ስም በጥብቅ ከተያዘ የከርነሉ ስም ብቻ ነው። ከርነል ፕሮሰሰሩን፣ ሚሞሪውንና ዲስኩን የሚያስተዳድር የሥርዓቱ እምብርት ይሁን እንጂ ብቻውን ለተጠቃሚ ምንም አይፈይድም። ከርነሉን ከዴስክቶፑ፣ ከብራውዘሩ፣ ከፊደል ቅርጾቹና ከመጫኛው ጋር አዋህዶ፣ ሁሉም ተስማምተው መሥራታቸውን ፈትሾ የሚያቀርበው ጥቅል ዲስትሪቢውሽን ወይም በአጭሩ ዲስትሮ ይባላል። ዴቢያን፣ ኡቡንቱ፣ ፌዶራ፣ ሚንትና ኦፕን ሱሴ ዲስትሮዎች ናቸው። በካርቶን ይሸጥ የነበረውም ይኸው ጥቅል ነው።

ነፃ ሶፍትዌር መሸጥ ሕገወጥ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ በእርግጥም መጀመሪያ ላይ እንዲያ ነበር። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 (ወራቱም ዓመቶቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከርነሉን ሲለቅ፣ የራሱ ፈቃድ ለማባዣ የሚሆን ሳንቲም መቀበልን እንኳ ይከለክል ነበር። በ1992 ይህን ትቶ ጂፒኤል ወደሚባለው ፈቃድ ገባ። ጂፒኤል ዋጋ አይተምንም፤ ሻጩ የፈለገውን ማስከፈል ይችላል። ግዴታው ሌላ ነው፦ የምንጭ ኮዱን አብሮ መስጠት ወይም ቢያንስ ለ3 ዓመት የሚጸና የጽሑፍ ቃል መግባት አለበት፤ ገዢው አባዝቶ ለጎረቤቱ በነፃ ቢሰጥም ሊከለክለው አይችልም። የንግድ ስም ግን ከኮዱ ተለይቶ የሚታይ ነገር ነው። ሬድ ሃት የተባለው የሊኑክስ ኩባንያ ኮዱን መገልበጥ ባይከለክልም በስሙ መነገድን ስላልፈቀደ፣ ያንኑ ሲዲ በርካሽ አባዝቶ የሚሸጥ ነጋዴ «ፒንክ ታይ» የሚል ስም እስከመለጠፍ ደርሷል።

የካርቶኑን ዋጋ ለመረዳት አንዱን ከፍቶ ማየት ጥሩ ነው። በ2004 የወጣው፣ ሱሴ የተባለው ዲስትሮ 9.1 ፕሮፌሽናል ካርቶን 90 ዶላር ገደማ ነበር። ውስጡ 5 ሲዲ፣ 2 ዲቪዲ፣ እንዲሁም ሁለት ወፋፍራም የታተሙ መጻሕፍት ነበሩ፤ አንዱ ለተራ ተጠቃሚ፣ ሌላው ለሲስተም አስተዳዳሪ። ከሁሉም የላቀ ዋጋ የነበራቸው መጻሕፍቱ ናቸው። የያኔው ሰው ቤቱ ያለው ኮምፒውተር አንድ ነው፤ መጫኑ መሐል ላይ ከተበላሸ መፍትሔ የሚፈልግበት ስልክም ሆነ ሁለተኛ ማሽን የለውም። ስክሪኑ ጠቁሮ ሲቀር ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው መጽሐፍ ብቻ ይቀረዋል።

መስመሩን ደግሞ እናስላው። ባለ 56 ኪሎቢት ሞደም ደህና በሚባል ቀን በሰከንድ 5 ኪሎባይት ያህል ያወርዳል። 650 ሜጋባይት የሆነ አንድ ሲዲ በዚህ ፍጥነት 36 ሰዓት ይፈጃል፤ ሦስት ሲዲ አራት ቀን ተኩል መሆኑ ነው፤ ያውም መስመሩ አንዴም ሳይቆረጥ። ስልኩ በደቂቃ በሚቆጥርበት አገር የአራት ቀን ተኩል ሒሳብ ከካርቶኑ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። የቤቱ ስልክም እስከዚያ ተይዞ ይቆያል።

በዚያ ላይ ካርቶኑ ውስጥ በነፃው ያልነበሩ ነገሮች ይገኙ ነበር። የሱሴ መጫኛና ማስተካከያ የሆነው ያስት እስከ 2004 ድረስ በጂፒኤል ሥር ስላልነበረ ሌላ ሰው ገልብጦ ሊሸጠው አይችልም ነበር። እንደ አክሮባት ሪደርና ሪልፕሌየር ያሉ የምንጭ ኮዳቸው ዝግ የሆነ ፕሮግራሞችም አብረው ይመጡ ነበር። እንደየካርቶኑ ዓይነት ከ30 እስከ 90 ቀን የሚዘልቅ ድጋፍም ነበረ፤ ገዢዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነበር። ድጋፉ የሚሸፍነው መጫኑን ብቻ ነው። ሲስተሙ ተነስቶ ዴስክቶፑ ከታየ በኋላ ሰርቨር ላዋቅር ወይም ፕሪንተር ላጋራ ብሎ መደወል ከውሉ ውጪ ነው።

የካርቶን ዘመን ያበቃበት ምክንያት ኢንተርኔት መፍጠኑ ብቻ አይደለም። ሬድ ሃት ሊኑክስ 9 በመጋቢት 2003 መጨረሻ ወጣ፤ የጥገና ዝመናው (አፕዴቱ) ሚያዝያ 30 ቀን 2004 ቆመ። ካርቶኑን በወጣበት ሳምንት የገዛ ሰው ያገኘው የ13 ወር ዝመና ነው፤ ዘግይቶ የገዛው ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ኩባንያው የካርቶን ሽያጩን ትቶ ፌዶራን ለሁሉም በነፃ ለቀቀ፤ ለድርጅቶች ደግሞ በዓመት ክፍያ የሚታደስ ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስን መሸጡ ላይ አተኮረ። ዋጋው ያለው ዲስኩ ላይ ሳይሆን ከዲስኩ በኋላ በሚመጣው ዝመና ላይ መሆኑ ግልጽ የወጣው ያኔ ነው። ኡቡንቱ በበኩሉ ከ2004 ጀምሮ እስከ 2011 የታተመ ሲዲ ከነፖስታ ወጪው በነፃ ወደ መላው ዓለም ይልክ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ የታሸገ ዲስክ መግዛት ጉዳቱ ምንድን ነው? ዲስክ የሚያረጀው በተቀዳ ዕለት ነው። ሱቅ ውስጥ አንድ ዓመት የተቀመጠ ዲቪዲ ላይ ያለው ከርነል የአዲስ ላፕቶፕ ዋይፋይ ላያውቅ ይችላል፤ ዋይፋይ ከሌለ ደግሞ ችግሩን የሚፈታው ዝመና አይወርድም። ብራውዘሩ የታወቁ ቀዳዳዎች እንዳሉበት ይጫናል፤ ከዚያ በብዙ መቶ ሜጋባይት የሚቆጠር ዝመና ማውረድ የግድ ነው። የአገልግሎት ዘመኑ ያለፈበት እትም ከሆነ የባሰ ነው። ኡቡንቱ በየስድስት ወሩ ከሚያወጣቸው እትሞች መካከል ኤልቲኤስ (ለረጅም ጊዜ የሚደገፍ እትም) ያልሆኑት የሚደገፉት 9 ወር ብቻ ነው፤ ኤልቲኤስ ግን 5 ዓመት። ዘመኑ ሲያልፍ የፓኬጅ ማከማቻው (ፕሮግራሞቹ የሚወርዱበት ቦታ) ወደ አሮጌ እትሞች ሰርቨር ይዛወራል፤ ተጠቃሚው አንዲት ፕሮግራም ልጫን ሲል 404 የሚል ስሕተት ይደረደርለታል። ላፕቶፑ የተበላሸ ይመስለዋል እንጂ ዲስኩ ነው ያረጀው።

ስለዚህ ማውረድ ይሻላል፤ በወጉ ከተሠራ። የኡቡንቱ ዴስክቶፕ አይኤስኦ ፋይል (መላው የመጫኛ ዲስክ በአንድ ፋይል) ወደ 6 ጊጋ ይጠጋል፣ ሚንት 3 ጊጋ ገደማ ነው፣ የዴቢያን ትንሹ መጫኛ ከ1 ጊጋ በታች ሆኖ ቀሪውን ሲጫን ያወርዳል። ኮኔክሽን የሚቆራረጥበት ቦታ ላይ በቀጥታ ከብራውዘር ከማውረድ በቶረንት ማውረድ ይመረጣል። ቶረንት ፋይሉን ቆራርሶ እያንዳንዱን ቁራሽ ስለሚያረጋግጥ፣ መብራት ቢጠፋ እንኳ ካቆመበት ይቀጥላል።

ከወረደ በኋላ ማረጋገጡ አይዘለል። ሊኑክስ ላይ «ኤስኤችኤ256ሰም»፣ ዊንዶውስ ላይ «ሰርትዩቲል» የተባለው ትዕዛዝ ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ እንደ አሻራ የሚያገለግል 64 ምልክት ያለው ድምር ያወጣል። ይህ ድምር ዲስትሮው ካወጣው ጋር አንድ በአንድ መግጠም አለበት፤ አንዲት ምልክት ከተለየች ፋይሉ ተበላሽቷል ማለት ነው። ሆኖም ድምሩ ብቻውን በቂ አይደለም። በየካቲት 2016 የሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ ተሰብሮ የማውረጃው ሊንክ የስለላ በር ወደተከፈተበት አይኤስኦ ዞሮ ነበር። ገጹን የሰበረ ሰው እዚያው ገጽ ላይ ያለውንም ድምር መለወጥ ይችላል። ለዚህ ነው የድምሩ ፋይል ጂፒጂ በሚባለው ዲጂታል ፊርማ የሚታሰረው፤ ፊርማውን የሚያረጋግጠው ቁልፍም ከሌላ ምንጭ መገኘት ይኖርበታል። ሱቅ ውስጥ ስሙ በእጅ ተጽፎበት የሚሸጥ ፍላሽ ይህ ማረጋገጫ ስለሌለው ለባንክ ሥራ በሚውል ማሽን ላይ ባይጫን ይሻላል።

አይኤስኦውን ፍላሽ ላይ እንደ ፊልም ፋይል ኮፒ ማድረግ ኮምፒውተሩ ከፍላሹ እንዲነሳ አያደርግም። ሩፉስ ወይም ኤቸር በሚባሉት ፕሮግራሞች መጻፍ አለበት፤ 8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል፣ በላዩ ያለው ሁሉ ግን ይጠፋል። ፋይሉን ከሰው ወደ ሰው ለማድረስ ብቻ ኮፒ የሚያደርጉም አንድ ነገር ይጠብቃቸዋል፦ ፋት32 ሆኖ ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ባዶ ቦታ እያለ «ፋይሉ ትልቅ ነው» ይላል። በኤክስፋት ፎርማት ሲደረግ ይፈታል። ዊንዶውስ ባለበት ላፕቶፕ ላይ አብሮ ለመጫን የሚያስብ ሰው ባዮሱን (የኮምፒውተሩን የመነሻ ማስተካከያ) ከመንካቱ በፊት ቢትሎከር የተባለውን የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ ባለ 48 አሃዝ መክፈቻ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ባዮሱ ውስጥ ያለው ሴክዩር ቡት የተባለው የደህንነት ማስተካከያ ሲቀየር ዊንዶውስ ይህን ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል፤ ከሌለ ፋይሎቹ ተቆልፈው ይቀራሉ።

መክፈል የሚገባበት ጊዜ አለ። ሰርቨሩ በቆመ ቁጥር ሥራው የሚቆምበት ድርጅት የሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስን የዓመት ክፍያ ቢከፍል የሚገዛው የዝመና ዋስትናና የሚደወልለት ባለሙያ ነው። ለግለሰብ ግን ይህም ቢሆን በአብዛኛው በነፃ ይገኛል፦ ኡቡንቱ ፕሮ እስከ 5 ማሽን ድረስ ለግል አገልግሎት አይከፈልበትም፣ የኤልቲኤስን ጥገና ወደ 10 ዓመት ያራዝማል። ሬድ ሃትም ለአንድ አልሚ (ፕሮግራም ሠሪ) እስከ 16 ማሽን በነፃ ይፈቅዳል።

ዳታ ውድ በሆነበት እንደኛ ባለ አገር ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ከሁለቱም የሚሻለው እሱ ይመስለናል። ደህና መስመር ያለው አንድ ሰው ያውርድ፣ ድምሩንና ፊርማውን ያረጋግጥ፣ ሌሎቹ ከእሱ ይገልብጡ። የዊንዶውስ ቅጂ ሲሆን ሕግ መጣስ የሚሆነው ይህ ድርጊት እዚህ ላይ ፈቃዱ ራሱ የሰጠው መብት ነው። የሚገለብጡት ሰዎች ቤት ኢንተርኔት ከሌለ ግን አይኤስኦው ብቻ አይበቃም። አማርኛ ለመጻፍ የአይባስ ኤም17ኤን ፓኬጅ፣ ለማንበብ ደግሞ የአቢሲኒካ ወይም የኖቶ ኢትዮፒክ ፊደል መጀመሪያውኑ ላይኖሩ ይችላሉ። ፊደሉ ከሌለ የአማርኛው ጽሑፍ ባዶ ሳጥን እየሆነ ይታያል። ፓኬጆቹን ለዚያው እትም ከነጥገኞቻቸው (ለመሥራት ከሚያስፈልጓቸው ሌሎች ፓኬጆች ጋር) አውርዶ በዚያው ፍላሽ ላይ መጨመር ከ100 ሜጋ ብዙም የማይበልጥ ቦታ ይወስዳል።