ለመሥሪያ ቤት የማግኔት ካርድ ማንበቢያ መምረጥ፦ አዳማ ላይ ምን ይታያል?

የማግኔት ካርድ ማንበቢያ ካርድ ጀርባ ላይ ያለውን ጥቁር ወይም ቡናማ መስመር የሚያነብ ትንሽ መሣሪያ ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁለት ሥራ አለው። አንዱ ሠራተኛ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት መመዝገብ ነው፣ ሌላው በር መክፈት። አዳማ ውስጥ ብዙ ቦታ ግን ነገሩ አሁንም በደብተር ነው። ጥበቃው ጠረጴዛ ላይ ደብተሩ ተዘርግቶ፣ እስክሪብቶው በክር ታስሮ፣ ሁሉም 2፡00 ብሎ ይፈርማል፣ 2፡25 ላይ የደረሰውም ጭምር። ወር ሲያልቅ ደመወዝ የሚሠራው ሰው ያን ደብተር ይዞ ይቸገራል። ካርዱ የሚመጣው ያኔ ነው።

መስመሩን መጀመሪያ ፕላስቲክ ካርድ ላይ የለጠፈው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የኮምፒውተር ኩባንያው የአይቢኤም መሐንዲስ የነበረው ፎረስት ፓሪ ነው። የማግኔት ክሩን በሙጫ ሞክሮ እምቢ አለው። ቤት ሲገባ ባለቤቱ ልብስ ትተኩስ ነበርና በካውያው ሞክረው አለችው፤ ያዘለት። አሠራሩም ከካሴት ክር ጋር አንድ ነው። መስመሩ ላይ ደቃቅ የማግኔት ብናኝ አለ፣ ማንበቢያው ውስጥ ደግሞ ልክ እንደ ቴፕ ያለ ሄድ (ማግኔቱን የሚያነበው ክፍል) አለ፣ ካርዱ ሲሳብ ሄዱ ያነባል። ቴፕ ሲያንቃጭል ሄዱን በጥጥና በአልኮል የጠረገ ሰው የዚህንም ችግር ግማሹን ያውቀዋል።

መስመሩ ሦስት ትራክ አለው፣ ማለትም ጎን ለጎን የተጻፉ ሦስት ረድፎች። አንደኛው ፊደልና ቁጥር ይይዛል፣ እስከ 79። ሁለተኛው ቁጥር ብቻ ነው፣ እስከ 40። ሦስተኛው እስከ 107 ቁጥር ይይዛል፣ ግን ብዙም አይሠራበትም። ለመሥሪያ ቤት የሚያስፈልገው የሠራተኛው መለያ ቁጥር ብቻ ስለሆነ ሁለተኛው ትራክ ይበቃል፤ ለሦስቱም ትራክ ገንዘብ መጨመር አያስፈልግም። ስም፣ ደመወዝ፣ የባንክ ሒሳብ ካርዱ ላይ አይጻፍም። እሱ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይቀመጥ።

ሌላው ሃይኮና ሎኮ የሚባለው ነው፤ ካርዱ ላይ የተጻፈው በማግኔት ለመጥፋት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ይነግራል። ሎኮ 300 ኤርስቴድ (የማግኔት ኃይል መለኪያ ነው) ገደማ ነው፤ የሴት ቦርሳ ላይ ያለው የማግኔት ቁልፍ ወይም የስልክ ሽፋን ማግኔት ሊያጠፋው ይችላል። ሃይኮ 2,750 ወይም 4,000 ነው፣ በቀላሉ አይጠፋም። ሰው ካርዱን ከስልኩ ጋር አንድ ኪስ ውስጥ ስለሚከት እኔ ሁልጊዜ ሃይኮ ካርድ ነው የምመክረው። ልብ በሉ፣ ልዩነቱ ያለው ካርዱና መጻፊያው ላይ ነው። ማንበቢያ ሁለቱንም ያነባል። ስለዚህ "ይሄ የሃይኮ ማንበቢያ ነው" ተብሎ ዋጋ ቢጨመርባችሁ አትክፈሉ።

አሁን ወደ አዳማ። ከተማዋ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት፣ ትሞቃለች፣ ንፋሷም ዝም ብሎ ንፋስ አይደለም፤ ኮረብታው ላይ የተተከሉት ሁለት የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ 51፣ ሌላው 153 ሜጋዋት ናቸው። ያው ንፋስ ነው በበጋ ደቃቁን አቧራ ይዞ በየቀዳዳው የሚገባው። አንድ የማውቀው መሥሪያ ቤት ማንበቢያውን ከብረት በሩ ውጭ አስገጥሞ ነበር፣ ያውም ጋደም አድርጎ። ሁለት ወር ሳይሞላው ጠዋት ሰልፍ ሆነ። አንዱ ሦስቴ ይስባል፣ አንዱ ካርዱን ሱሪው ላይ ያሻሻል (መስመሩን የሚጭረው ይሄ ነው)፣ በመጨረሻ ጥበቃው ደብተሩን መልሶ አወጣው። ዕቃው ተበላሽቷል ተብሎ አዲስ ሊገዛ ነበር። ከመገዛቱ በፊት አንድ ልጅ ሄዱን በአልኮል ጠረገውና መሣሪያው ወደ ኮሪደር ገብቶ ቀጥ ብሎ ተሰቀለ። ያው አሮጌው ዛሬም ይሠራል።

ስለዚህ እዚህ ከተማ መጀመሪያ የሚታየው ቅርጹ ነው። ካርድ የሚሳብባቸውና ካርድ የሚከተትባቸው አሉ። የሚከተትበት ታቹ ድፍን ከሆነ አቧራው እዚያው ይጠራቀማል። የሚሳብበት ግን ሁለቱም ጫፉ ክፍት ነው፣ ቆሞ ከተገጠመ አቧራው ይራገፋል፣ ካርዱም እያለፈ ይጠርገዋል። ቀጥሎ የሄዱ ዕድሜ ነው። አንዳንዱ 500,000 ጊዜ፣ አንዳንዱ 1,000,000 ጊዜ ያነባል ተብሎ ይጻፍበታል። 120 ሠራተኛ ቢኖራችሁ፣ እያንዳንዱ ከምሳ ጋር በቀን አራቴ ቢስብ፣ በቀን 480 ነው፤ በዓመት 300 የሥራ ቀን ብንይዝ 144,000። ግማሽ ሚሊዮኑ ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ይሄዳል ማለት ነው፣ አቧራው ቶሎ ካልበላው። ይህን ሒሳብ ሳትሠሩ ርካሹን አትግዙ።

መብራትስ? በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር የሚሰካው ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፣ ግን መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩም እሱም አብረው ይጠፋሉ። ወይ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው የሚተካ ባትሪ) ይኑር፣ ወይም የራሱ ባትሪና ማስታወሻ ያለው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ዓይነት ይገዛ። የራሱ ሰዓት ያለውን ስትገዙ ውስጡ ያለችውን ክብ ባትሪ ጠይቁ። እሷ ከሞተች መብራት በተመለሰ ቁጥር ሰዓቱ ይሳሳታል፣ ሰውም በሠራበት ሰዓት ይቀጣል።

የዩኤስቢው ብዙውን ጊዜ ራሱን እንደ ኪቦርድ ነው የሚያሳየው። መፈተኑ ቀላል ነው። ላፕቶፕ ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ፣ ኖትፓድ ክፈቱ፣ ካርዱን ሳቡ። ሁለተኛው ትራክ በነጠላ ሰረዝና በነጥብ ምልክት (;) ይጀምርና በጥያቄ ምልክት (?) ያልቃል፣ መሐሉ ቁጥር ነው። ሃያ ጊዜ ሳቡት፣ በፍጥነትም፣ በቀስታም። አንዱም መጉደል የለበትም። የእኛ አገር ችግር ደግሞ አለ፦ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ከቀረ ከመጀመሪያው ትራክ የሚመጣው ፊደል ወደ ግዕዝ ፊደል ይቀየርና የማይነበብ ነገር ይሆናል። ጸሐፊዋ ደብዳቤ እየጻፈች ሠራተኛ ካርድ ሲስብ የሚያጋጥመው ይሄው ነው። ለካርዱ ብቻ የተመደበ ኮምፒውተር ቢኖር ጥሩ ነው።

ሰው የማያስበው ትልቁ ጉዳይ ግን ሶፍትዌሩ ነው። ለእኛ ማታ 6 ሰዓት ለሶፍትዌሩ እኩለ ሌሊት ነው፤ ቀን የሚቀይረው ያኔ ነው። ምሽት 12 ገብቶ ጠዋት 12 የሚወጣ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ካልተስተካከለለት በአንዱ ቀን "ገብቶ አልወጣም"፣ በማግስቱ "ሳይገባ ወጣ" ይባላል። ወራችንም 30 ቀን ነው፣ ጳጉሜም አለች። ሶፍትዌሩ ከወር እስከ ወር ቀን መርጦ ማውጣት ካልቻለ የደመወዝ ሠራተኛው በእጁ ይቆጥራል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ከሆነ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት በ2፣ በበዓል ቀን በ2.5 ይባዛል። ማንበቢያው የተገዛው ለዚህ ነው። ሠራተኛውም የራሱን መዝገብ አይቶ መከራከር መቻል አለበት፤ እኔ ይህን የማይፈቅድ አሠራር አልወድም።

በር ላይ ሲመጣ ጠንቀቅ በሉ። መስመሩ ምንም ቁልፍ የለውም፣ ያነበበው ሰው ባዶ ካርድ ላይ መልሶ ሊጽፈው ይችላል። ለመግቢያ ሰዓት፣ ጥበቃ ፊት ለፊት እያየ፣ ይበቃል። ለገንዘብ ክፍልና ለዕቃ ግምጃ ቤት አይበቃም። ለእነዚያ ምስጢራዊ ቁልፍ ያለው በማስጠጋት የሚሠራ ካርድ ይሻላል፣ እሱም ቢሆን በዓይነቱ ነው፤ 125 ኪሎኸርዝ የሚባለው በቀላሉ ይቀዳል፣ ማይፌር ክላሲክ የሚባለው ካርድ ምስጢርም በ2008 (እ.ኤ.አ.) ተሰብሯል። በሩን የሚከፍተው ሽቦ ደግሞ ማንበቢያው ውስጥ ሳይሆን ከውስጥ በኩል ያለ መቆጣጠሪያ ውስጥ ይግባ፤ አለበለዚያ ማንበቢያውን ነቅሎ ሁለት ሽቦ ያገናኘ ሰው ይገባል።

አሻራስ ለምን አይሆንም ይባላል። ለጓደኛ ካርድ መሳብን ያስቀራል፣ እውነት ነው። ግን ሲሚንቶ የሚያቦካ፣ ዱቄት ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ጣቱ ያልቃል፣ መሣሪያው አያውቀውም። ካርድ ቢጠፋ ሌላ ይታተማል፣ የአንድ ሰው አሻራ አንዴ ከወጣ ግን አይተካም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የሰው አሻራ የሚሰበስብ መሥሪያ ቤት ሊያስብበት ይገባል።

ስትገዙ መጥረጊያ ካርድም አብራችሁ ግዙ። አልኮል የነከረው ለስላሳ ካርድ ነው፣ እንደማንኛውም ካርድ ይሳባል። በበጋ በየሳምንቱ፣ በክረምት በየሁለት ሳምንቱ። ይህን የሚሠራ ሰው በስም ይመደብ፣ ለጥበቃውም ቢሆን፤ ጠዋት ሰው ሳይመጣ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጅበት።