የጦር ሜዳ ሾትገኖችና የጦርነት ዘመን ዕቃዎቻቸው አሰባሰብ

የጥንት የጦር ሾትገን (በአንድ ቀለህ ብዙ ትናንሽ ጥይቶችን የሚተኩስ ጠመንጃ) የሚሰበስቡ ሰዎች ዓይን በአብዛኛው የሚያርፈው በአሜሪካ ጦር መሣሪያዎች ላይ ነው። በጣም የሚፈለገው ጆን ብራውኒንግ የነደፈው ዊንቸስተር ሞዴል 1897 ሲሆን፣ ከእሱ ቀጥሎ ሞዴል 12፣ ስቲቨንስ 520-30 እና 620ኤ እንዲሁም ኢታካ 37 ይመጣሉ።

በ1917 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል 1897 ለምሽግ ውጊያ ሲዘጋጅ በርሜሉ 20 ኢንች (51 ሳ.ሜ. ገደማ) ተደረገ፤ በላዩ ባለ ቀዳዳ የብረት ሽፋን፣ ከፊቱ ደግሞ የሳንጃ መግጠሚያ ተጨመረበት። ሽፋኑ የተሠራው በሳንጃ የሚዋጋው ወታደር የጋለውን በርሜል ይዞ እጁን እንዳያቃጥል ነው። ጀርመን በ1918 መሣሪያው ያለ አግባብ ስቃይ ያደርሳል ብላ ተቃውሞ ብታቀርብም አሜሪካ ሳትቀበለው ቀረች።

ሽፋንና ሳንጃ መግጠሚያ የሌለው አጭር ሾትገን ለጥበቃና ለእስረኛ አጀባ የታደለ ሲሆን ዋጋው ከምሽጉ ሾትገን በብዙ ያንሳል። የማጭበርበሩ ምንጭም ይኸው የዋጋ ልዩነት ነው፤ በተራው ሾትገን ላይ ሽፋን ገጥሞ እንደ ምሽግ መሣሪያ መሸጥ ቀላል ነው። ስለዚህ ከሽፋኑ በፊት ብረቱ ይታያል። በእውነተኛው በርሜል ሥር የመግጠሚያው ብሎኖች የሚያልፉባቸው አግድም ጎድጓዳ ቦታዎች አሉ። የሽፋኑ ቀዳዳዎች በመጀመሪያ በስድስት ረድፍ ነበሩ፤ በ1942 ወደ አራት ወረዱ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተሠራ በሚባል ጠመንጃ ላይ አራት ረድፍ ካለ ሽፋኑ ከሌላ ቦታ መጥቷል ማለት ነው። በርሜሉ በሚፈታው ሞዴል 1897 ላይ የበርሜሉና የአካሉ ተከታታይ ቁጥር አንድ መሆን አለበት። በብረቱ ላይ የተመታው የጦሩ ማኅተም ጥርት ብሎ በዙሪያው ያለው ብረት ግን ተፍቆ ከሳሳ፣ ወይም ማኅተሙ ብረቱ ከተፈቀ በኋላ የተመታ ከመሰለ፣ ዋጋ ከመነጋገር መቆጠብ ይሻላል። ግራጫና ደብዛዛ የብረት ቀለም ግን ብቻውን ማጭበርበርን አያሳይም፤ ጦሩ በራሱ ፋብሪካ ያደሳቸው ብዙ ናቸው።

ሳንጃው ኤም1917 ሲሆን ስለቱ 17 ኢንች (43 ሳ.ሜ.) ነው፤ በእንጨት እጀታው ላይ ሁለት ጎድጓዳ መስመሮች ይታያሉ። ከፊሉ በ1960ዎቹ ለቬትናም ጦርነት እንደ አዲስ ስለተሠራ የሠሪው ስም መነበብ አለበት። የሸራ ጥይት ቦርሳዎች ብርቅ ናቸው፤ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ቦርሳ 32 ጥይት፣ የሁለተኛው 12 ጥይት ይይዛል። የወረቀት ቀለህ በምሽግ እርጥበት አብጦ ከጥይት ቤቱ አልገባም ወይም አልወጣም ስላለ የናስ ቀለህ ተሠራለት። ዛሬ የናሱ ጥይት ከነሣጥኑ ከተገኘ አንዳንዴ ከቦርሳው በላይ ይወደዳል።

ሞዴል 1897 ሲመረመር ጥንቃቄ ይፈልጋል። ምላጩ ተጨቁኖ ሳለ መሳቢያው (ጥይት ለማጉረስ ከበርሜሉ ሥር ወደኋላና ወደፊት የሚንቀሳቀሰው እጀታ) ወደፊት ከተገፋ ጥይቱ ወዲያው ይተኮሳል፤ ስለዚህ ጣት ከምላጩ መራቅ አለበት። ጥይት ቤቱ ባዶ ሆኖ ከበርሜል ሥር ባለው ቱቦ ጥይት ሊኖር ይችላል፣ ስለዚህ ሁለቱም በዓይንና በጣት ይፈተሹ። በአሜሪካ ሕግ ከ50 ዓመት ያለፈና እንደ ተሠራ የቆየ መሣሪያ እንደ ቅርስ ይታያል፤ በርሜሉ ከ18 ኢንች በታች ከሆነ ግን ሌላ ጥብቅ ምዝገባ አለበት።

አያያዙ ላይ ሰብሳቢዎችን በብዛት የሚያስቆጫቸው ቆዳ ነው። ሳንጃን በቆዳ አፎቱ ውስጥ ማስቀመጥ ያማረ ይመስላል፤ ቆዳው ግን እርጥበት ስለሚይዝና አሲድ ስለሚያወጣ ስለቱን ያዝገዋል። ስለዚህ ሳንጃው ቀጭን ዘይት ተቀብቶ ለብቻው፣ አፎቱ ደግሞ ቅርጹን እንዲይዝ ለስላሳ ወረቀት ተሞልቶ ይቀመጣል። ሸራውን ማጠብ ማኅተሙንና ቀለሙን ያጠፋል፤ በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ይበቃዋል። የናስ ቁልፎች ላይ የሚወጣው አረንጓዴ ቅርፊት በእንጨት ስንጥር ይነሳል፤ በብረት ብሩሽ ከተፋቀ ግን አሮጌው ወዝ አብሮ ይሄዳል።