ቀይ የደም ሕዋስ፦ ለሕዋስ ሥነ ሕይወትና ለባዮኬሚስትሪ መግቢያ

ቀይ የደም ሕዋስ ኦክስጅንን ከሳንባ ተቀብሎ ለመላው የሰውነት ክፍል የሚያደርስ፣ በመልሱም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሰውነት እንዲወጣ የሚያግዝ ሕዋስ ነው። በሰው ደም ውስጥ ካሉት ሕዋሳት በቁጥር የሚበልጠው እርሱ ሲሆን፣ በአንድ ማይክሮሊትር፣ ማለትም በአንድ ሚሊሊትር አንድ ሺህኛ ደም ውስጥ፣ ከ4 እስከ 6 ሚሊዮን ያህሉ ይገኛል። የሕዋስ ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ክፍሎቹ ሁሉ በተሟሉበት ሥዕል ነው፤ ተማሪውም የክፍሎቹን ስም በቃሉ ያጠናል፤ ከእነርሱ አንዱ ቢጎድል ምን እንደሚከተል ግን ሳይጠይቅ ያልፋል። ቀይ የደም ሕዋስ እየበሰለ ሲሄድ አብዛኛውን ክፍሉን የሚጥል በመሆኑ የእያንዳንዱ ክፍል ጥቅም ከጉድለቱ ይታወቃል። ለጀማሪ ተማሪ ከእርሱ የተሻለ መነሻ ማግኘት የሚከብደውም ለዚህ ነው።

ሕዋሱ የሚፈጠረው በአጥንት መቅኔ ውስጥ ሲሆን፣ በዚያ ሳለ ምንም የሚጎድለው ነገር የለም። ዲኤንኤ የተቀመጠበት ኒውክሊየስ፣ ፕሮቲን የሚገጣጥሙ ራይቦሶሞች፣ ከምግብ ኃይል የሚያወጡ ማይቶኮንድሪያዎች አሉት። በ46 ክሮሞሶሞች ተጠቅልሎ በኒውክሊየሱ ውስጥ የተቀመጠው ዲኤንኤ ተዘርግቶ ቢለካ ወደ 2 ሜትር ይደርሳል። ሕዋሱ ከዚህ ሁሉ መዝገብ መካከል ሂሞግሎቢን ለተባለው ፕሮቲን የሚያስፈልገውን ክፍል በአርኤንኤ ይገለብጣል፤ ራይቦሶሞችም የቅጂውን ፊደላት፣ ማለትም ቅጂው የተሠራባቸውን ኬሚካላዊ ክፍሎች፣ ሦስት ሦስት እያደረጉ እያነበቡ ለእያንዳንዱ ሦስትዮሽ አንድ አሚኖ አሲድ፣ ማለትም አንድ የፕሮቲን መገንቢያ ሞለኪውል፣ በመቀጠል የፕሮቲኑን ሰንሰለት ይሠራሉ። በአራት ፊደላት 64 ዓይነት ሦስትዮሾችን መመሥረት ይቻላል፤ ከእነዚህ 61ዱ ለ20ዎቹ አሚኖ አሲዶች የሚቆሙ ሲሆኑ፣ የቀሩት 3ቱ ሥራው የሚያበቃበትን ቦታ ያመለክታሉ። ሕዋሱ በሂሞግሎቢን ሲሞላ ኒውክሊየሱን አውጥቶ ይጥላል። ወደ ደም ከገባ በኋላም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ የቀሩትን ራይቦሶሞችና ማይቶኮንድሪያዎች ያጣል። በአዋቂ ሰው መቅኔ ውስጥ በየሰከንዱ 2 ሚሊዮን ያህል እንዲህ ያሉ ሕዋሳት ይመረታሉ። የዶሮ፣ የእንቁራሪትና የዓሣ ቀይ ሕዋሳት ኒውክሊየሳቸውን እንደያዙ ይኖራሉ፤ የሚጥሉት አጥቢ እንስሳት ናቸው።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው በአንድ ስስ ሽፋን የተያዘ፣ መሐሉ ከሁለቱም ወገን ጎድጎድ ያለ፣ ስፋቱ ከ7 እስከ 8 ማይክሮሜትር የሆነ ክብ ነገር ነው። በውስጡ ሌላ ሽፋን ያለው ክፍል አለመኖሩ፣ ከእርሱ የሚወጣው የሽፋን ስብ ሁሉ ከውጭው ሽፋን ብቻ ስለሚሆን፣ ለሳይንስ ትልቅ ውለታ ውሏል። በ1925 ሁለት የሆላንድ ተመራማሪዎች፣ ጎርተርና ግሬንደል፣ ከቀይ ሕዋሳት ያወጡትን ስብ በውኃ ላይ በአንድ ንጣፍ አሰጡት፤ ንጣፉም ከሕዋሳቱ የገጽታ ስፋት በእጥፍ ያህል ሰፍቶ ተገኘ። ከዚህም የሕዋስ ሽፋን በሁለት ድርብርብ የስብ ንጣፎች የተሠራ መሆኑን ደመደሙ። በልኬታቸው ውስጥ ሁለት ስሕተቶች እንደነበሩና አንዱ ሌላውን እንዳካካሰው ኋላ ላይ ቢታወቅም፣ መደምደሚያቸው ግን ትክክል ነበር። የስቡ ሞለኪውል ውኃ የሚወድ ራስና ውኃ የሚሸሽ ጅራት ስላለው፣ ሕዋሱ ከውጭም ከውስጥም በውኃ ተከቦ ሳለ ራሶቹ ወደ ውኃው፣ ጅራቶቹ እርስ በርስ ይዞራሉ። ይህን ድርድር የሚያዘጋጅ ሌላ ኃይል አያስፈልግም፤ ዘይት ከውኃ እንዲለይ የሚያደርገው ጠባይ ይበቃል።

ሽፋኑ ግን ዝም ብሎ የተዘጋ ግድግዳ አይደለም። በስቡ መካከል የተሰካው የሶዲየምና ፖታሲየም ፓምፕ አንድ ኤቲፒ፣ ማለትም ሕዋስ ለሥራው የሚሆነውን ኃይል የሚይዝበትን ሞለኪውል፣ በከፈለ ቁጥር 3 ሶዲየም ወደ ውጭ ያወጣል፣ 2 ፖታሲየም ወደ ውስጥ ያስገባል። ዴንማርካዊው የንስ ስኩ ይህን ፕሮቲን በ1957 ይፋ ያደረገው ከሸርጣን ነርቭ ላይ አግኝቶት ነው፤ ቀይ ሕዋስ ሳይፈነዳ የሚኖረውም በዚሁ ፓምፕ ነው። ፓምፑ ቢቆም ሶዲየም ወደ ውስጥ ይገባል፣ ውኃም ይከተለዋል፣ ሕዋሱ እያበጠ ሄዶ ይፈነዳል። በቤተ ሙከራ ንጹሕ ውኃ ውስጥ የገባ ቀይ ሕዋስ ወዲያው የሚፈነዳው፣ በጣም ጨዋማ በሆነ ውኃ ውስጥ ደግሞ የሚጨማደደው ውኃ በራሱ ወደሚበዛው ጨው ስለሚሄድ ነው፤ በሕክምና በደም ሥር የሚሰጠው የጨው ውኃ 0.9 በመቶ እንዲሆን የተደረገውም ከዚህ የተነሣ ነው። የግመል ቀይ ሕዋስ ሞላላ ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ ተጠምታ ብዙ ውኃ ባንድ ጊዜ ስትጠጣ ሳይፈነዳ ከእጥፍ በላይ ማበጥ ይችላል። ውኃ በሽፋኑ ውስጥ በፍጥነት የሚያልፍበትን የፕሮቲን ቀዳዳ ያገኘው አሜሪካዊው ፒተር አግሬ ሲሆን፣ መጀመሪያ የተገኘውም በቀይ ሕዋስ ላይ ነበር፤ ግኝቱ በ2003 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል።

ማይቶኮንድሪያ የሌለው ሕዋስ ኃይልን ከወዴት ያገኛል? ከግሉኮስ ብቻ ነው፤ ያውም ያለ ኦክስጅን። ግሉኮስ በአሥር ተከታታይ ለውጦች ይሰባበራል፤ ከአንድ ግሉኮስም የተጣራ 2 ኤቲፒ ይገኛል፤ የመጨረሻው ውጤት የሆነው ላክቴት ወደ ጉበት ሄዶ እንደገና ግሉኮስ ይሆናል። ማይቶኮንድሪያ ያለው ሕዋስ ያንኑ ግሉኮስ በኦክስጅን አቃጥሎ 30 ገደማ ኤቲፒ ያወጣል። ልዩነቱ ትልቅ ብክነት ይመስላል፤ ነገር ግን ቀይ ሕዋስ ለሌሎች የሚያደርሰውን ኦክስጅን ራሱ የማይጠቀም፣ የተሰጠውን አደራ የማይበላ ተሸካሚ የሆነው በዚህ ነው።

እነዚህ ለውጦች በሙሉ የሚፈጸሙት በኢንዛይሞች ነው። ኢንዛይም አንድን ኬሚካላዊ ለውጥ የሚያፋጥን፣ ራሱ ግን ለውጡ ሲያበቃ እንደነበረ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። የፍጥነቱን መጠን ለመገመት በቀይ ሕዋስ ውስጥ ካለው ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ አንዱ ሞለኪውል በሰከንድ እስከ 1 ሚሊዮን የሚደርስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውኃ የሚሟሟ አድርጎ እንደሚለውጥ ማስታወስ በቂ ነው። አንድ ኢንዛይም ሲጎድል የሚደርሰውን ደግሞ ጂ6ፒዲ የተባለው ያሳያል። የዚህ ኢንዛይም ሥራ ሕዋሱን ከሚያበላሹ ኦክሲዳይዝ አድራጊ ኬሚካሎች የሚጠብቀውን ንጥረ ነገር ማምረት ነው። ሌሎች ሕዋሳት ይህን ንጥረ ነገር በማይቶኮንድሪያም ጭምር የሚያመርቱበት መንገድ አላቸው፤ ቀይ ሕዋስ ግን ሌላ መንገድ የለውም። ስለዚህ ኢንዛይሙ በውርስ የደከመበት ሰው ባቄላ ሲበላ፣ በባቄላው ውስጥ ባሉት ውሕዶች ምክንያት ቀይ ሕዋሳቱ በብዛት ፈርሰው ለደም ማነስ ሊዳረግ ይችላል።

የሕዋሱ ዋና ሀብት ሂሞግሎቢን ነው። በአንዱ ሕዋስ ውስጥ 270 ሚሊዮን ያህል ሞለኪውሎች አሉ፤ እያንዳንዱ ከአራት ሰንሰለቶች ተሠርቶ አራት የብረት አቶሞችን ይይዛል፤ ስለዚህም አራት ኦክስጅን መሸከም ይችላል። አንደኛው ብረት ኦክስጅን ሲይዝ የሞለኪውሉ ቅርጽ ስለሚለወጥ የቀሩት በቀላሉ ይይዛሉ። በሚሠራ ጡንቻ ዘንድ ደግሞ አሲድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚበዙ ሸክሙን ይለቃል። ማክስ ፔሩትዝ የዚህን ፕሮቲን ቅርጽ በኤክስሬይ ለመግለጽ ከሃያ ዓመት በላይ ደክሟል፤ በ1962ም የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ቬርኖን ኢንግራም ደግሞ ቀይ ሕዋስን እንደ ማጭድ የሚያጎብጠው በሽታ 146 አሚኖ አሲዶች ባሉት ሰንሰለት ላይ በስድስተኛው ቦታ የአንዱ ብቻ መለወጥ፣ ማለትም ግሉታሚክ አሲድ በቫሊን መተካቱ፣ ያመጣው መሆኑን አሳየ። አንድ ፊደል ዲኤንኤ ላይ ሲለወጥ ፕሮቲኑ፣ ከፕሮቲኑም የሕዋሱ ቅርጽ፣ ከሕዋሱም የሰውየው ጤና እንደሚለወጥ በዚህ ያህል ግልጽነት የሚያስረዳ ሌላ ምሳሌ አላውቅም።

የሂሞግሎቢን መጠን እንደ አካባቢው ይለያያል፤ በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ለአየሩ መሳሳት ማካካሻ ከፍ ያለ ሂሞግሎቢን አላቸው። በሰሜን ኢትዮጵያ በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ በሚኖሩ አማሮች ላይ ተካሂዶ በ2002 የታተመ ጥናት ግን የሂሞግሎቢናቸው መጠንም ሆነ የደማቸው ኦክስጅን ሙሌት በባሕር ጠለል ደረጃ ከሚኖሩ ሰዎች ጋር የተቀራረበ መሆኑን አሳይቷል።

ከሽፋኑ ጋር የተያያዘው ሌላው የአገራችን ጉዳይ ወባ ነው። ፕላስሞዲየም ቫይቫክስ የተባለው የወባ ተሕዋስ ወደ ቀይ ሕዋስ የሚገባው በአብዛኛው ደፊ የተባለውን የሽፋን ፕሮቲን እንደ በር ተጠቅሞ ነው። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ አብዛኛው ሕዝብ ይህ ፕሮቲን በቀይ ሕዋሱ ላይ ስለሌለው ይህ የወባ ዓይነት በዚያ እምብዛም አይታይም፤ በኢትዮጵያ ግን ፕሮቲኑ ያላቸው ሰዎች ብዙ በመሆናቸው ፋልሲፓረም ከተባለው ሌላ የወባ ተሕዋስ ቀጥሎ በስፋት የሚገኘው ቫይቫክስ ነው። በሩ በሌላቸው ኢትዮጵያውያን ላይም አንዳንዴ መገኘቱ ተሕዋሱ ሌላ መግቢያ እንዳለው ያመለክታል። በጉበት ተደብቆ የሚቀረውን ቫይቫክስ የሚያጠፋው ፕሪማኩዊን የተባለው መድኃኒት ጂ6ፒዲ የሚጎድላቸውን ሰዎች ቀይ ሕዋሳት ሊያፈርስ ስለሚችል፣ አሰጣጡ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ራይቦሶም የሌለው ሕዋስ የተበላሸ ፕሮቲኑን መተካት አይችልም፤ ስለዚህ ዕድሜው ወደ 120 ቀን ገደማ የተወሰነ ነው። በእነዚህ ቀናት ውስጥ በደም ያለው ግሉኮስ ያለ ኢንዛይም እገዛ ከሂሞግሎቢን ጋር ቀስ በቀስ ይጣበቃል። የስኳር ሕመምተኞች ያለፉት ሁለትና ሦስት ወራት አማካይ የስኳር መጠን የሚለካው ይህ የተጣበቀ ሂሞግሎቢን ምን ያህል እንደሆነ በማየት ነው። ያረጀው ሕዋስ በጣፊያና በጉበት ባሉ በላዔ ሕዋሳት ይዋጣል፤ ሂም የተባለው፣ በሂሞግሎቢን ውስጥ ብረቱን የሚይዘው ክፍል፣ ፈርሶ ቢሊሩቢን የተባለ ቢጫ ነገር ይሆናል፣ ጉበት ይህን ማስወገድ ሲያቅተውም ዓይንና ቆዳ ቢጫ ይሆናሉ። ብረቱ ግን አይጣልም። ሰውነት በቀን ከምግብ የሚቀበለው ብረት ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ብቻ ሲሆን፣ ካረጁ ሕዋሳት መልሶ የሚያገኘው ግን 20 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ነው፤ ይህም ብረት በደም ተጓጉዞ ወደ መቅኔ ተመልሶ በአዲስ ሂሞግሎቢን ውስጥ ይገባል።