የጨረቃ ማሚቶ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የአማተር ሬድዮ ሰዎች (በትርፍ ጊዜያቸው በራሳቸው ሬድዮ የሚገናኙ) መልእክታቸውን ጨረቃ ላይ አንጥረው ይነጋገራሉ» ብትል መጀመሪያ ይሳቅብሃል። ከሳቁ በኋላ የሚመጣው ግን ሁሌም ያው ነው።

«ጨረቃ ላይ የተተከለ መሣሪያ አለ ማለት ነው።» ምንም የለም። ጨረቃ የምትሠራው እንደ ገደል ነው፤ የጮህክባትን ትመልስልሃለች። ያውም ስስታም ገደል ናት፦ ካረፈባት ሞገድ የምትመልሰው 7 በመቶ ገደማውን ነው፣ እሱንም በየአቅጣጫው በትና። የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ኒው ጀርሲ ላይ ማሚቶዋን የያዙት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1946 ነው። ያኔ ሰው ሠራሽ ሳተላይት እንኳን ጨረቃ ጋ፣ ምድር ዙሪያም አልነበረም።

«ሙሉ ጨረቃ ካልሆነች አይሠራም።» ብርሃኗ ለዓይን ነው፤ ሬድዮ ጉዳዩም አይደለም። ለላኪውም ለተቀባዩም ከአድማስ በላይ ትሁን እንጂ በቀትርም ይሠራል። እንዲያውም የሚያስቸግሩት ጨርሳ የማትታይባቸው ቀናት ናቸው፤ ፀሐይ አጠገቧ ስለምትሆን አንቴናው የፀሐይንም የሬድዮ ጫጫታ አብሮ ይለቅማል።

«ከጫጫታ በታች ያለ ሲግናል አይነበብም፤ ኮምፒውተሩ እየገመተ ነው።» ይህኛው ጊዜ ይፈልጋል። ኮምፒውተር ደካማ ሲግናል የሚያነብበትን ጄቲ65 የተባለ ዘዴ በ2003 ያወጣው ጆ ቴይለር በ1993 የፊዚክስ ኖቤል የተሸለመ የፐልሳር (የሬድዮ ምት የሚልኩ ኮከቦች) ተመራማሪ ነው፤ ደካማ ሲግናል መልቀም የኖረበት ሥራ ነው። ሶፍትዌሩ ሲግናሉን «-24 ዴሲቤል» (ጉልበቱ ከጫጫታው በእጅጉ ያነሰ) ሲል ያነጻጸረው 2500 ሄርትዝ ስፋት ውስጥ ካለው ጫጫታ ሁሉ ጋር ነው። የሲግናሉ ድምፅ ግን ያለው ከ3 ሄርትዝ ባነሰች ቀዳዳ ውስጥ ነው። የመርካቶን ጩኸት ሁሉ በአንዴ ከመስማት፣ ጆሮህን አንድ ሱቅ በር ላይ እንደ መለጠፍ በለው። በዚያች ቀዳዳ ጫጫታው ወደ አንድ ሺህኛ ገደማ ይወርዳል፣ ድምፁም ብቅ ይላል። ለጆሮ ወፍ የለም፤ ስክሪኑ ላይ ግን አንዳንዴ ቀጭን መስመር ትታያለች።

በዚያ ላይ 72 ቢት መልእክት 378 ቢት ሆኖ ነው የሚላከው። ብዙው ቢበላሽም ከተረፈው ይጠገናል፤ ካልተቻለ ሶፍትዌሩ ዝም ይላል። በእርግጥ «ጥልቅ ፍለጋ» የሚባለው አማራጭ የመጣውን ከታወቁ የጥሪ ስሞች (የሬድዮ ሰዎቹ መለያዎች) ዝርዝር ጋር እያስተያየ ነው የሚያነበው። በእሱ ላይ የሚያጉረመርሙትን አልፈርድባቸውም።

«ታዲያ ቁጭ ብሎ ወሬ መሰለቅ ነዋ!» አይሞከርም። አንዱ 1 ደቂቃ ይልካል፣ ሌላው በሚቀጥለው ደቂቃ ይመልሳል። መልእክቱም የሁለቱ የጥሪ ስምና አካባቢን የሚጠቁም ኮድ ነው፤ የአዲስ አበባው ኬጄ99 ነው። ከዚያ «ደርሶኛል»፣ ቻው።

«ግዙፍ ዲሽ ያስፈልጋል።» 144 ሜጋሄርትዝ ላይ አንድ ጥሩ ያጊ (በዘንግ ላይ ዘንጎች የተደረደሩበት) አንቴናና ጥቂት መቶ ዋት ይበቃል፣ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ትልቅ አንቴና ካለው።

«በምድር ዞሮ የመጣ ቢሆንስ?» ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። መልሱ ስክሪኑ ላይ አለ። ጨረቃ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ደርሶ መልሱ 2.5 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። የሁለቱም ሰዓት በትክክል ከተሞላ፣ ከመልእክቱ ጎን ያለው የመዘግየት ቁጥር 2.5 አካባቢ ይላል። ዜሮ ካለ ያ ሲግናል ጨረቃን አላያትም።